አዲስ ስፒከር በቤት ውስጥ አዳምጦ መምረጥ፦ ትንሹ፣ ታወሩ ወይስ አምፕ ያለበት?

ሁለት ጥንድ ስፒከር ቤት አስገብቶ የሚሻለውን መለየት ቀላል ይመስላል። አንዱን መስማት፣ ሌላውን መስማት፣ ደስ ያለውን ማስቀረት። በዚህ መንገድ ያሸነፈው ስፒከር ግን ብዙ ጊዜ ያሸነፈው በድምፁ ጥራት አይደለም፤ ወይ ትንሽ ጮክ ብሎ ተጫውቷል፣ ወይ ከግድግዳው ጠጋ ብሎ ተቀምጧል። በተቀራራቢ ዋጋ በሚሸጡ ሁለት ደህና ስፒከሮች መካከል ያለው የቤዝ ልዩነት፣ አንዱን ስፒከር ግማሽ ሜትር ወደፊት በመግፋት ከሚመጣው ልዩነት ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ከሞዴሉ ስም በፊት ክፍሉን፣ ከዚያ የስፒከሩን ዓይነት፣ በመጨረሻ ደግሞ የማወዳደሪያውን መንገድ መያዝ ያስፈልጋል።

ሜትር ይዘው ይጀምሩ

ሳሎኑ 5 ሜትር ርዝመት፣ 3.5 ሜትር ወርድ፣ 2.6 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 343ን ለርዝመቱ እጥፍ ሲያካፍሉ ክፍሉ ራሱ የሚያስተጋባበትን ዝቅተኛ ድምፅ ያገኛሉ፦ በርዝመቱ 34 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚኖር የንዝረት ብዛት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)፣ በወርዱ 49፣ በከፍታው 66። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ነው። እንግዲህ የቤዝ ተጫዋቹ ጣት ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ አንዳንዱ ኖታ ክፍሉን ያናውጣል፣ ሌላው ከነጭራሹ ይጠፋል። ይህን የሚያደርገው ክፍሉ ነው። ስፒከር ቢቀይሩም እነዚያ ቁጥሮች አይለወጡም፤ የሚለወጠው ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚቀሰቅሳቸው ነው።

ግድግዳው ከምን እንደተሠራም ይመልከቱ። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በኮንክሪትና በብሎኬት የቆመ፣ ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ የሆነ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ቤዙን አይውጥም፤ ይመልሰዋል። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ያለው ቤት ግን በአብዛኛው ከእንጨት ማገር ላይ የተመታ ጂፕሰም ነው። ጂፕሰሙ በቤዙ እየተርገበገበ ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን ወደ ውጭ ያሳልፋል። እዚያ ተሞክሮ «ቤዙ ልክ ነው» የተባለ ትልቅ ስፒከር ተጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ የሚያጉረመርመው ለዚህ ነው። ለአገር ቤት የሚገዛ ሰው አሜሪካ ላለው ሳሎኑ ከሚመርጠው ይልቅ ትንሽ ቤዝ የሚያንሰው ስፒከር ቢመርጥ ይሻለዋል።

የሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ሌላም ጣጣ አላቸው። እጅዎን አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ። «ጭርር» የሚል የማስተጋባት ጅራት ከተከተለው ማንኛውም ቲዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ የስፒከር ክፍል) በዚያ ክፍል ውስጥ ሹል ሆኖ ይሰማል። በስፒከሩና በሶፋው መካከል ወፈር ያለ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ እጥፋት ያለው መጋረጃ፣ ጎን ግድግዳ ላይ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ቢኖር፣ ከውድ ስፒከር የሚጠበቀውን ልስላሴ በርካሽ ያመጣሉ። ይህን ሳያደርጉ ማወዳደር ለደብዛዛው ስፒከር ማድላት ነው።

ምን ከምን ጋር እንደሚወዳደር

ገበያው ላይ ያለው በሦስት ይጠቃለላል። በማቆሚያ ወይም በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ስፒከር፣ ወለል ላይ የሚቆመው ታወር፣ እና ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር (አምፕ) ሳጥኑ ውስጥ ያለው አክቲቭ ስፒከር። ትንሹ ላይ ሰብዉፈር (ጥልቁን ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ለብቻው የቆመ ሳጥን፣ በአጭሩ ሰብ) የሚጨመርበት አራተኛ መንገድም አለ። ለመካከለኛ ሳሎን እኛ የምናደላው ወደዚህ ነው፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

ትንሹ ስፒከር ዉፈሩ (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ሾጣጣ) 13 ወይም 16.5 ሳንቲም ነው። አስራ ሦስቱ እስከ 12 ካሬ ሜትር ላለ ክፍል ይበቃል፤ አስራ ስድስት ተኩሉ እስከ 20 ካሬ ድረስ ያስኬዳል። «ትንሽ ስለሆነ ቦታ አይፈጅም» የሚባለው እውነት የሚሆነው መደርደሪያ ላይ ከሆነ ብቻ ነው። በትክክል እንዲሰማ ቲዊተሩ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ እኩል፣ ከወለሉ 90 እስከ 100 ሳንቲም መሆን አለበት። ለዚህ ወደ 60 ሳንቲም የሚሆን ማቆሚያ ይፈልጋል፤ ማቆሚያው ደግሞ ከታወሩ የማይተናነስ ቦታ ይይዛል፣ ገንዘብም ይበላል። ዋጋ ሲያወዳድሩ የማቆሚያውን ይደምሩበት። ብየዳ ቤት ከአራት ማዕዘን ብረት ማሠራት ይቻላል። ቱቦውን ደረቅ አሸዋ ሞልተው፣ ከላይ ጎማ ቢያደርጉበት ከፋብሪካው አያንስም።

ታወር ሳጥኑ ስለሚሰፋ ወደ 35 ወይም 40 ኸርዝ ይወርዳል፣ በአብዛኛውም በተመሳሳይ ዋት ጮክ ብሎ ይጫወታል። ከ25 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ፣ ከኋላውም ከሜትር በላይ ክፍት ቦታ የሚሰጠው ሳሎን ካለዎት ይህ የእርስዎ ነው። በ3.5 በ5 ሜትሩ ክፍል ግን ታወሩ የሚኮራበት ቤዝ በትክክል በ34 እና በ49 ኸርዝ መሀል ይወድቃል። የከፈሉበት ጥልቀት ከታች ያለው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ነው የሚያርፈው።

አክቲቩ ለዉፈርና ለቲዊተር የየራሱ አምፕ አለው። ብዙዎቹ ከኋላቸው ወደ ግድግዳ ሲጠጉ የሚነካ ማብሪያ አላቸው፤ ቤዙን በ2 ወይም በ4 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይቀንሳል። ይህ ትንሽ ማብሪያ በጠባብ ክፍል ውስጥ ውድ ኬብል ከሚያደርገው ሁሉ ይበልጣል። ለሥራ ጠረጴዛና ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት ለሚያዳምጥ ሰው በተመሳሳይ ዋጋ ከዚህ የሚወዳደር የለም። እንከኑም አለው። ሙዚቃው ዝም ባለ ጊዜ ቲዊተሩ «ሽሽሽ» ይላል፤ ጠረጴዛ ላይ በቅርብ ሲሆን ይሰማል፣ ሦስት ሜትር ላይ አይሰማም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ስፒከር የየራሱን ሶኬት ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሲቃጠል ነው፤ መለዋወጫው ካልተገኘ ስፒከሩ በሙሉ ይጣላል። አምፕ የሌለው ፓሲቭ ስፒከር ግን አምፑ ቢሞት ሌላ አምፕ ይገጠምለታል። ዉፈሩ ቢቃጠል የሚጠቀልል ባለሙያ አይጠፋም። ሳሎን ውስጥ ሃያ ዓመት እንዲቆይ የሚፈልጉት ከሆነ ፓሲቩን ይያዙ።

አሁን ሰብዉፈሩ። ለድምፅ ምስል (ዘፋኙና መሣሪያው ከየት እንደሚሰማ ለይቶ ለማሳየት) የሚስማማው የስፒከር ቦታና ለቤዝ የሚስማማው ቦታ አንድ አይደለም። ታወር ሁለቱን በአንድ ሳጥን ስለሚያስር ከሁለቱ አንዱን ይጎዳሉ። ትንንሾቹን ለምስል በሚስማማቸው ቦታ አስቀምጠው፣ ሰቡን ቤዙ እኩል በሚሆንበት ቦታ ማዋል ይችላሉ። ቦታውን መፈለጊያው ዘዴ ያስቃል ግን ይሠራል፦ ሰቡን ሶፋው ላይ፣ ጆሮዎ በሚሆንበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ወደላይና ወደታች የሚሄድ የቤዝ ጊታር ዜማ ያጫውቱ፤ ከዚያ እየዳኹ በግድግዳው ዙሪያ ያዳምጡ። ሁሉም ኖታ እኩል የሚሰማበት ነጥብ የሰቡ ቦታ ነው። መለያያውን፣ ሰቡ ድምፁን ለትንንሾቹ የሚያስረክብበትን ነጥብ፣ 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ በላይ ከወጣ ቤዙ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ ማወቅ ይጀምራል። የሰቡን ድምፅ የሚያስተካክሉት መኖሩ እስኪረሳ ድረስ ነው። «ሰቡ ጥሩ ነው» ብሎ እንግዳ ከተናገረ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ዝግ ሳጥንና ባለ ቀዳዳ

አሜሪካዊው ፈልሳፊ ኤድጋር ቪልቹር እ.ኤ.አ. በ1954 ትንሽ ዝግ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ጥልቅ ቤዝ ሊያስገኝ እንደሚችል ኤአር-1 በተባለው ስፒከር አሳየ። ዛሬ ግን አብዛኛው ስፒከር ባለ ቀዳዳ፣ ሳጥኑ ላይ የአየር መተላለፊያ ያለው፣ ነው፤ ከተመሳሳይ ሳጥን ተጨማሪ ቤዝ ስለሚያወጣ። ልዩነታቸው በቁጥር እንዲህ ነው፦ ዝግ ሳጥን ከመጨረሻ ወሰኑ በታች በየኦክታቩ (ኸርዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) በ12 ዲሲቤል ሲወርድ ባለ ቀዳዳው በ24 ይወርዳል። ወደ ግድግዳ የተጠጋ ዝግ ስፒከር፣ ግድግዳው የሚጨምርለት ቤዝ ይህን ለስላሳ ቁልቁለት ይሞላለታል። ባለ ቀዳዳው እዚያው ቦታ ላይ ያብጣል።

ሻጮች «ቀዳዳው ከፊት ስለሆነ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል» ይላሉ። ልክ አይደለም። ግድግዳ ቤዝ የሚጨምረው ቤዝ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሄድ ነው፤ ቀዳዳው የትም ይሁን የትም። ከኋላ ያለ ቀዳዳ የሚፈልገው አየር የሚያስተነፍስ አሥር ሳንቲም ያህል ክፍተት ብቻ ነው። ከዕቃው ጋር የስፖንጅ መድፈኛ ከመጣ አይጣሉት። የሁለቱንም ስፒከር ቀዳዳ ደፍነው ቢያዳምጡ ባለ ቀዳዳውን ወደ ዝግ የተጠጋ ስፒከር ያደርገዋል። መድፈኛ ከሌለ የተጠቀለለ ካልሲ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ክር የሚበተንበት ጨርቅ ግን አይክተቱበት፤ ወደ ዉፈሩ ውስጥ ይገባል።

ዋት፣ ሴንሲቲቪቲ እና የአዲስ አበባ ከፍታ

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚጮህ አይናገርም። የሚናገረው ሴንሲቲቪቲ ነው፦ 2.83 ቮልት ተሰጥቶት ከአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዲሲቤል እንደሚያወጣ። ለ8 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ መለኪያ) ስፒከር 2.83 ቮልት አንድ ዋት ነው፣ ለ4 ኦም ግን ሁለት ዋት። ስለዚህ «88 ዲሲቤል» የተባለ የ4 ኦም ስፒከር ለአንድ ዋት የሚሰጠው 85 ብቻ ነው። ሁለቱን ሲያወዳድሩ ይህችን 3 ዲሲቤል ይቀንሱ።

86 ዲሲቤል የሚያወጡ ሁለት ስፒከሮች 2.5 ሜትር ላይ በአንድ አንድ ዋት 81 ዲሲቤል ያህል ያደርሳሉ፤ ርቀቱ 8 ይቀንሳል፣ ሁለት መሆናቸው 3 ይጨምራል። በ75 ዲሲቤል ለሚያዳምጥ ሰው የከበሮው ምት እስከ 90 ሊደርስ ይችላል፤ ለዚህ 8 ዋት ይበቃል። በ85 ለሚያዳምጥ ሰው ምቱ 100 ይሆንና 80 ዋት ይጠይቃል። ግድግዳው የሚመልሰው ድምፅ ሲጨመርበት በተግባር ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ዋናው ነገር፣ 10 ዲሲቤል ለመጨመር አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ስሌት አለ፤ አምራቾች አይጽፉትም። በ2,350 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ዉፈር ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስ የሚገፋው አየር ስለሳሳ ወደ 2 ዲሲቤል ያህል ያነሰ ድምፅ ያወጣል። የላይኛው 80 ዋት ወደ 125 ያድጋል ማለት ነው። የሳሳ አየር ሙቀትም በደንብ አይወስድም፤ አምፑን ቡፌ ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ እዚህ ከሌላው ቦታ ይብሳል። ከላዩ ቢያንስ አሥር ሳንቲም ክፍት ይተዉለት። ሁለት ዲሲቤል ስፒከር የሚያስቀይር ነገር አይደለም፤ ግን በ84 ዲሲቤል ስፒከርና በ20 ዋት አምፕ ሰፊ ሳሎን ለመሙላት ላሰበ ሰው ነገሩን ይቆርጥለታል።

ኬብል ላይ ብዙ አይቆዩ። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ በአምስት ሜትር ደርሶ መልስ 0.07 ኦም ነው። የቀረው ገንዘብ ለምንጣፍ ይዋል።

የት ይቀመጡ

ከዉፈሩ ፊት እስከ ኋላው ግድግዳ ያለውን ርቀት ይለኩ። 343ን ለዚያ ርቀት አራት እጥፍ ሲያካፍሉ፣ ከግድግዳው ተመልሶ የመጣው ድምፅ ቀጥታውን የሚያጠፋበትን ቦታ ያገኛሉ። በ60 ሳንቲም 143 ኸርዝ፣ በ1 ሜትር 86። ይህ የወንድ ድምፅ ደረትና የከበሮ ሆድ ያለበት ክልል ነው፤ እዚያ ጉድጓድ ሲኖር ዘፋኙ ቀጭን ይሆናል። ለዚህ ነው በጠባብ ክፍል ውስጥ «ትንሽ ራቅ» የሚለው መሀል ቦታ የማይመከረው። ወይ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቤዙን በመድፈኛ ወይም በማብሪያ ይቀንሱ፣ ወይ ከሜትር በላይ ያውጡት። ከኋላው ግድግዳ፣ ከጎኑ ግድግዳና ከወለሉ ያለው ርቀት አንድ ዓይነት እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ሦስቱም 60 ሳንቲም ከሆኑ ሦስቱ ጉድጓዶች አንድ ላይ ይወድቃሉ።

ሁለቱ ስፒከሮችና ራስዎ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ጎኖቹ እኩል ገደማ ይሁኑ። ሶፋው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ከሆነ ቤዙ ከልክ በላይ ይሰማዎታል። በ40 ሳንቲም ወደፊት ቢስቡት ስፒከሩን ሳይነኩ ግማሹ ችግር ይወገዳል።

ማወዳደሩ ራሱ

የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ጥናት ለዚህ ሥራ መነሻ ነው። አድማጮች ስፒከሮቹን እያዩ የሰጡት ነጥብና መጋረጃ ተጋርዶባቸው የሰጡት ነጥብ ተለያይቷል፤ ሳጥኑ ትልቅና ቆንጆ መሆኑ ጆሮን ይመራል። ስለዚህ ከሚያወዳድሩት ሁለት ነገሮች አንዱ ቁመናው እንዳይሆን ይጋርዱት። ለዚህ ነጠላ ይስማማል፤ ሳሳ ያለ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። ጋቢ ግን ቲዊተሩን ይውጠዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጨርቁን አፍዎ ላይ አድርገው ይንፉ፤ ትንፋሹ ያለ ችግር ካለፈ ድምፁም ያልፋል። ነጠላውን በገመድ ከስፒከሮቹ ፊት ይዘርጉ። ከኋላ ሆኖ የሚቀያይር ሰው ያስቀምጡ፤ እሱም «ሀ» እና «ለ» ብቻ ይበል።

የድምፁ መጠን ከሁሉም ይቀድማል። የአንድ ዲሲቤል ልዩነት ሲኖር ጆሮ «ይሄኛው ጮክ አለ» አይልም፤ «ይሄኛው ጠራ፣ ሕይወት አለው» ነው የሚለው። አንዱ ስፒከር 85፣ ሌላው 89 ዲሲቤል ከሆነ ማስተካከያ ሳይነካ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ያሸንፋል። ማስተካከሉ እንዲህ ነው። ስልክዎ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ይጫኑ። ስልኩን በእጅ ሳይዙ ጆሮዎ በሚሆንበት ቦታ ትራስ ደራርበው ያኑሩት። ፒንክ ኖይዝ (እንደ ፏፏቴ የሚጮህ የመፈተሻ ድምፅ)፣ ቢቻል ከ500 እስከ 2,000 ኸርዝ የተከለለውን፣ ያጫውቱ፤ የስልክ ማይክ ቤዙ ላይ ስለማይታመን ነው። የ30 ሴኮንድ አማካዩን ያንብቡ። የመጀመሪያውን ስፒከር 75 ላይ አድርገው የቮሊዩሙን ቁጥር ይጻፉ፤ ቁጥር ከሌለው ነጭ ፕላስተር ለጥፈው በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ሁለተኛውን በግማሽ ዲሲቤል ውስጥ እስኪገባ ያስተካክሉ። አፑ 75 ሲል እውነተኛው 71 ቢሆን ግድ የለም፤ የሚፈለገው ልዩነቱ ነው። አምፑ በአንድ ዲሲቤል የሚዘልል ከሆነ የቀረችውን ከማጫወቻው ቮሊዩም ይውሰዱ።

ከዚያ ሞኖ፣ የግራና የቀኙ ድምፅ አንድ እንዲሆን፣ ያድርጉት። የሁለቱም ስልክ ዓይነቶች የተደራሽነት ማስተካከያ ውስጥ ሞኖ ኦዲዮ የሚል አለ። የአንደኛውን ጥንድ አንድ ስፒከርና የሌላውን አንድ ስፒከር ጎን ለጎን አቁመው በሞኖ ያዳምጡ፤ ስቴሪዮ የሚሸፍነውን የቃና ጉድለት ሞኖ ያጋልጠዋል። ቀጥሎ ቦታቸውን ይቀያይሩ፤ ፍርድዎ ከስፒከሩ ጋር ካልሄደና ከቦታው ጋር ከቀረ የሰሙት ግድግዳውን ነው። በእጅ ገመድ የሚቀይሩ ከሆነ አምፑን ሳያጠፉ አይንኩ፤ ሁለቱ ጫፎች ሲነካኩ አምፑ ሊቃጠል ይችላል። የገመዱ ጫፍ ላይ ባናና ፕለግ የሚባለውን ተሰኪ ቢገጥሙ ቅይይሩ ከአንድ ደቂቃ አይዘልም። ይህም ፍጥነት ይጠቅማል፣ የጆሮ ትዝታ አጭር ነውና። ከአንድ ዘፈን ሃያ ሴኮንድ እየደጋገሙ መስማት ሙሉ አልበም ከመስማት ይበልጥ ያሳያል። ሙሉ አልበሙ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፦ አሸናፊው ሲለይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያስጫውቱት፤ ሳያስቡት ቮሊዩሙን እየቀነሱ ከሆነ ቲዊተሩ አድካሚ ነው።

በምን ይፈተኑ

በሚያውቁት ሙዚቃ። ለአማርኛ አድማጭ የሚያውቀው መሣሪያ ከሻጩ የማሳያ ዲስክ ይሻለዋል። የተቀዳው ሙዚቃ ከዩቲዩብ ከሆነ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል፤ ለመጨረሻው ውሳኔ ግን ሲዲ ወይም ያልተጨመቀ ፋይል ይያዙ።

የዜና አንባቢ ወንድ ድምፅ ይቅደም። ከሣጥን ውስጥ የሚናገር ከመሰለ ወይ የሳጥኑ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ስፒከሩ ከግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ማሲንቆ የሚፈትነው ዉፈሩ ለቲዊተሩ የሚያስረክብበትን፣ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ኸርዝ ያለውን ክልል ነው። የፈረስ ጭራው ፍትጊያ ሻካራ መሆን አለበት፤ ጆሮ መውጋት ግን የለበትም። በገና ላይ ደግሞ ከየአውታሩ ሥር የሚገባው የቆዳ ቁራጭ የሚፈጥረውን እዝዝታ ያዳምጡ። በደህና ስፒከር ወፍራሙ ድምፅና እዝዝታው ከአንድ ቦታ ይመጣሉ፤ በደካማው ግን እዝዝታው ተነጥሎ ወደ ቲዊተሩ ይወጣል። የከበሮ ምት ከተመታ በኋላ መቆም አለበት። «ዱም» ብሎ ከማለቅ ይልቅ «ዱምምም» ካለ ቀዳዳውን ደፍነው ይድገሙት፤ ያኔም ካልቆመ ክፍሉ ነው። የሰርግ ቅጂ ላይ ያለ እልልታና ጭብጨባ ጮክ ሲል ቲዊተሩ ጨክኖ ከተሰባበረ፣ ወይ አምፑ አቅሙ አልቋል፣ ወይ ቲዊተሩ ርካሽ ነው። በዝቅተኛ ድምፅም ከተሰባበረ ቲዊተሩ ነው።

የድሮ ሸክላዎች ሞኖ ቅጂ ካለዎት በሁለቱም ስፒከር ያጫውቱት። ዘፋኙ ከመሀል፣ ከጠባብ ነጥብ መሰማት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የጥንዱ ሁለት ስፒከሮች እኩል አይደሉም፣ ወይም አንደኛው ጎን መስኮት ሌላው ግድግዳ ነው። ከየትም እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ቤዙም የሳሳ ከሆነ ከሁለቱ ገመዶች አንዱ ቀይና ጥቁሩ ተገላብጧል። ይህ ስህተት በጣም ብዙ ነው፤ «አዲሱ ስፒከር ቤዝ የለውም» ተብሎ የተመለሰ ዕቃ ስንቱ በዚህ እንደተመለሰ አይቆጠርም።

በመጨረሻም ተነሥተው ይቁሙ፣ ወደ ማብሰያ ቤቱ በር ይሂዱ። ቃናው በጣም ከተለወጠ ስፒከሩ ለአንድ መቀመጫ ብቻ የተሠራ ነው፤ ቡና ሲፈላ ቤቱ ሰው ለሚሞላበት ሳሎን አይሆንም።

«መቶ ሰዓት ካልሠራ ድምፁ አይከፈትም» የሚለውን አይስሙ። የዉፈሩ ጠርዝ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ትንሽ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ የሚለማመደው የእርስዎ ጆሮ ነው። ይህ ምክር ለሻጩ የሚጠቅመው የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ ስለሚያቆይዎት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ላይ ሐሳብ ለመቀየር 14 ቀን አለ፤ ካርቶኑንና ስፖንጁን ይጠብቁ። አገር ቤት የተሸጠን መመለስ ስለማይለመድ ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ሙዚቃ ይዘው ሱቅ ሄደው ቢያንስ አነስተኛውን ፈተና ያድርጉ።

ከውጭ የሚመጣና ያገለገለ

ፓሲቭ ስፒከር ሶኬት የለውም፤ ከየትም ቢመጣ ይሠራል። አክቲቩና አምፑ ግን ከአሜሪካ ከመጡ ጀርባቸውን ያንብቡ። «100–240» ከተጻፈ ሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃል። «120» ብቻ ከሆነ 220 ላይ ሲሰካ ፊውዙ ቢያድለው ቀድሞ ይቃጠላል፣ ካላደለው ትራንስፎርመሩ። ቮልት ቀናሽ ቢገዙም ለ60 ኸርዝ ተብሎ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ይበልጥ ይሞቃል፤ ስለዚህ ቀናሹን ከሚያስፈልገው ዋት እጥፍ አድርገው ይግዙ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም አምፑን በእጅ ዳሰው ያረጋግጡ። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ያጥፉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ዝቅ የሚለው ቮልቴጅ ነው ሰሌዳውን የሚገድለው። ዘግይቶ የሚያስገባ ስታቢላይዘር ቢኖር ይሻላል።

አክቲቭ ስፒከር ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ «እምምም» ካለ ሁለቱንም ስፒከርና የላፕቶፑን ቻርጀር ከአንድ ዲቫይደር ይሰኩ። ካልጠፋ ቻርጀሩን ነቅለው ይሞክሩ፤ ያኔ ከጠፋ ችግሩ የመሬት ገመድ ዙር ነው፣ መፍትሔውም ባላንስድ ኬብል (ጫጫታ እንዳይገባ ሁለት የድምፅ ሽቦና መሸፈኛ ያለው) ነው። የሶኬቱን የመሬት እግር ግን አይቁረጡ፤ ለሙዚቃ ተብሎ የሚገባበት አደጋ አይደለም።

ያገለገለ ስፒከር ሲገዙ መረቡን አውልቀው የዉፈሩን ጠርዝ በጣት ጫፍ ይንኩት። ጎማ ከሆነ ዕድሜ አለው። ስፖንጅ ከሆነ በ15 እና በ20 ዓመት መካከል ይፈረፍራል፤ ጣት ላይ ጥቁር ዱቄት ካስቀረ ጠርዙ መቀየር አለበት፣ ዋጋውም ያንን ያህል መውረድ አለበት። ሾጣጣውን በሁለት እጅ አውራ ጣት እኩል ተጭነው ወደ ውስጥ ይግፉት፤ የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ያለው የሽቦ ጠመዝማዛ ተጎድቷል። መልቲሜትር ካለዎት የ8 ኦም ስፒከር ከ5.5 እስከ 7፣ የ4 ኦሙ 3 ከምናምን ያነባል፤ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። የሁለቱ ስፒከሮች ንባብ ተቀራራቢ መሆን አለበት። 1.5 ቮልት ባትሪ ወስደው ፖዘቲቩን ከቀዩ፣ ኔጌቲቩን ከጥቁሩ ጋር ለቅጽበት ያነካኩ፦ ዉፈሩ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንደኛው ወጥቶ ሌላኛው ከገባ ውስጡ ተገላብጦ ተጠግኗል፤ ሲገጥሙት የዚያን ገመድ ብቻ ቀዩንና ጥቁሩን ያለዋውጡ።